የድራይሱት የአንገትና የእጅጌ ማሸጊያ ጥገና፦ ከፍሳሽ ፍለጋ እስከ ሙሉ ቅየራ

ከስስ ድርብርብ ጨርቅ የተሠራ ድራይሱት፣ ማለትም ደረቅ የመጥለቂያ ልብስ፣ ጠላቂውን ከቅዝቃዜ የሚከላከለው በራሱ ውፍረት አይደለም። ሙቀቱን የሚጠብቁት በልብሱ ውስጥ ያለው አየርና ከሥር የሚለበሰው ወፍራም የሙቀት ልብስ ሲሆኑ፣ የውጭው ልብስ ሥራ እነዚህን ሁለቱን ደረቅ አድርጎ ማቆየት ብቻ ነው። ይህን ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚሸከሙት በአንገትና በሁለቱ የእጅ አንጓዎች ላይ ጥብቅ ብለው የሚያርፉ ሦስት ስስ ማሸጊያዎች ናቸው። በቀይ ባሕር ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሞቃት ውሃ የሚጠልቅ ሰው ይህ ልብስ ብዙም አያስፈልገውም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሲያትል አጠገብ ባለው የፒዩጀት ሳውንድ ባሕር፣ በስካንዲኔቪያ ወይም የውሃው ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በሆነበት በአይስላንዱ የሲልፍራ ስንጥቅ ግን ማሸጊያው የተቀደደበት ጠላቂ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ለመንሳፈፍ የሚረዳውን አየርም አብሮ ያጣል።

ማሸጊያ መጠገንና መቀየር ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የማጣበቂያው ክዳን ከመከፈቱ በፊት ነው። ፍሳሹ በትክክል ከየት እንደሆነ ያላረጋገጠ፣ ማሸጊያው ከምን እንደተሠራ ያልለየ፣ የሚጣበቀውንም ገጽ በሚገባ ያላጸዳ ሰው የቱንም ያህል ውድ ማጣበቂያ ቢገዛ ጥቂት ጊዜ ከጠለቀ በኋላ እንደገና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በዝግጅቱ ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

በእርግጥ የተቀደደ ነገር አለ ወይ?

ከውሃ ሲወጡ የውስጡ ልብስ እርጥብ ሆኖ መገኘቱ ብቻ ማሸጊያው ለመቀደዱ ማስረጃ አይሆንም። ርጥበቱ በመላው ሰውነት ላይ ስስ ሆኖ የተዳረሰ ከሆነ ላብ ሊሆን ይችላል፤ የሰውነት እርጥበት ቀዝቃዛውን የልብሱን ገጽ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣልና። ፍሳሽ ግን መነሻና መንገድ አለው። ከእጅ አንጓ የተነሣ ውሃ ክንዱን ተከትሎ ወደ ክርን ይዘልቃል፤ ከአንገት የገባ በደረት ወይም በጀርባ መካከል ይወርዳል፤ ከዚፕ የገባ የዚፑን መስመር ተከትሎ ያረጥባል፤ አየር ማስገቢያው ቫልቭ ሲያፈስ ደረት ላይ፣ አየር ማስወጫው ሲያፈስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በግራ ክንድ ላይ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ክብ እርጥበት ይታያል። ልብሱን እንዳወለቁ፣ እርጥበቱ ሳይሰራጭ፣ የውስጡን ልብስ በእጅ ዳስሰው የረጠበውን ቦታ ይመዝግቡ።

ማሸጊያው ደኅና ሆኖ ሳለ ውሃ የሚያስገቡ ነገሮችም አሉ። በአንገት ማሸጊያው ሥር የተያዘች አንዲት የጸጉር ዘለላ ለውሃ በቂ መንገድ ናት፤ ስለዚህ ረዥም ጸጉር ወይም ሹሩባ ያለው ሰው ጸጉሩን ወደ ላይ ሰብስቦ ኮፍያው ውስጥ ማስገባት አለበት። የአንገት ማተብም ማሸጊያው ከሚያርፍበት መስመር ጋር ከተገናኘ እንዲሁ ያደርጋል። ማተቡን ማውለቅ ግድ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ከውስጠኛው ልብስ ሥር እንዲገባና ማሸጊያው በባዶ ቆዳ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ይበቃል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ክርና አምባርም በዚሁ መንገድ መታየት አለበት። ከዚህ ሌላ፣ ቀጭን ሰው ጡጫውን ሲጨብጥ ወይም ከባድ ነገር ሲይዝ በእጅ አንጓው ላይ ጅማቶቹ ይወጡና በመካከላቸው ጎድጎድ ያለ መስመር ይፈጠራል፤ በዚያ በኩል የሚገባው ውሃ በጥገና አይቆምም። መፍትሔው ማሸጊያውን ጅማቶቹ ብዙም ወደማይታዩበት ወደ ክንዱ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው።

የውሃና የአየር እንቅስቃሴውን መረዳትም ለምርመራው ይረዳል። በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ወደ ከፍተኛው ቦታ ስለሚሰበሰብ፣ ከፍ ባለው ክፍል የአየሩ ግፊት ከውጭው ውሃ ጋር እኩል ወይም ጥቂት የሚበልጥ፣ ዝቅ ባለው ክፍል ደግሞ የውሃው ግፊት የሚያይል ይሆናል። በመሆኑም የተጎዳ የእጅጌ ማሸጊያ እጅ ሲነሣ አየር ያስወጣል፤ እጅ ሲወርድ ውሃ ያስገባል። ጓደኛዎ ከእጅጌዎ አረፋ ሲወጣ ካየ፣ የረጠበ ነገር ባይኖርም እንኳ ማሸጊያውን መመርመር ተገቢ ነው።

በአየርና በሳሙና ውሃ መመርመር

ጎሚስታ የተነፋ የውስጥ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው ሁሉ፣ የድራይሱትም ፍሳሽ በእርግጠኝነት የሚገኘው በአየር ተሞልቶ ሲታይ ነው። በሁለቱ እጅጌዎች ውስጥ ማሸጊያውን በልኩ የሚሞላ፣ ሹል ጠርዝ የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይክተቱ። በአንገቱ ውስጥ ደግሞ ኳስ ወይም ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ያስገቡ። ዚፑን እስከ መጨረሻው ይዝጉና የአየር ማስወጫውን ቫልቭ አጥብቀው ይጠምዝዙ። ከዚያ የልብሱን አየር ማስገቢያ ቱቦ ከሲሊንደር ጋር አገናኝተው በትንሽ በትንሹ ይንፉ። ልብሱ ቅርጹን ይዞ እስኪቆም ድረስ ብቻ በቂ ነው፤ እንደ ከበሮ ከጠነከረ በዚፑና በስፌቶቹ ላይ አላስፈላጊ ጫና ይፈጥራል።

ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆን ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አቅጥነው በስፖንጅ ይቀቡት፤ ከማሸጊያዎቹ ጀምረው መገጣጠሚያዎቹን፣ ከዚያም ቫልቮቹን፣ ስፌቶቹንና ዚፑን በቅደም ተከተል ያዳርሱ። ትልቅ ቀዳዳ ወዲያው ይፈላል። የመርፌ ቀዳዳ የሚያህለው ግን ጥቂት ጊዜ ቆይቶ እንደ ነጭ የአረፋ ነጠብጣብ ብቻ ስለሚታይ መቸኮል አያስፈልግም። የተገኘውን ቦታ ወዲያውኑ በጠመኔ ወይም በሰም እርሳስ ያክብቡት፤ ልብሱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ያንኑ ቀዳዳ በዓይን መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሲጨርሱ ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፣ ልብሱን ከውስጥም ከውጭም በጥላ ያድርቁት። እርጥበት በስፌቱ ውስጥ ስለሚደበቅ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ይመረጣል።

ማሸጊያው ከምን ተሠራ?

ሦስት ዓይነት ማሸጊያዎች አሉ፤ የአንዱ ማጣበቂያ ለሌላው አይሆንም። ላቴክስ ስስ፣ ለስላሳ፣ እጅግ የሚለጠጥ የተፈጥሮ ጎማ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው። ኒዮፕሪን ወፈር ያለና ስፖንጅ መሰል ነው፤ በአንድ በኩል ጨርቅ፣ በሌላው በኩል አንጸባራቂ ለስላሳ ገጽ አለው። ሲሊኮን ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም ቀለም ያለው፣ ሲነኩት እንደ ሐር የሚያንሸራትት ሲሆን፣ በልብሱ ላይ በቋሚነት በተጣበቀ የፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል።

በተለይ የሚሰጋው ላቴክሱ ነው። ፀሐይ፣ በኤሌክትሪክ ሞተሮች አካባቢ የሚፈጠረው ኦዞን፣ የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን፣ የቆዳ ቅባትና ላብ ቀስ በቀስ ያበላሹታል። እዚህ ላይ ስለ ቫዝሊን አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ በእኛ ዘንድ የማይታከምበት ነገር የለምና ጠባብ ማሸጊያን ለማለስለስ እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ እርሱ ነው። ቫዝሊንና ሌሎች ከነዳጅ ዘይት የሚወጡ ቅባቶች ላቴክስን አሳብጠው ጥንካሬውን ያጠፉታል። የጸጉር ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬምም ከአንገት ላይ በሳሙና መታጠብ አለባቸው። ለማለስለስ ሽቶ የሌለው የታልክ ዱቄት ወይም ቀጭን የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ከላቴክስ ጋር በተያያዘ ሌላው ጉዳይ አለርጂ ነው። በማሸጊያው መስመር ላይ ቆዳው የሚቀላ፣ የሚያብጥ ወይም የሚያሳክከው ሰው አሮጌውን በአዲስ ላቴክስ ከመተካት ይልቅ ወደ ሲሊኮን ወይም ኒዮፕሪን ማሸጊያ መሻገር አለበት።

መለጠፍ ወይስ መቀየር?

ላቴክሱን በሁለት እጅ ቀስ አድርገው ለጠጥ ያድርጉና በደማቅ ብርሃን ይመልከቱት። ገጹ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቁ ጥቃቅን መስመሮች ከታዩ፣ ወይም ጎማው እንደ ማር ተጣባቂ ሆኖ የጣት አሻራ የሚይዝ ከሆነ፣ ዕድሜው አብቅቷል። እንዲህ ባለው ላይ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ ከጎኑ አዲስ ቅዳጅ ይከፍታል። ገጹ ጤናማ ሆኖ ችግሩ አንድ የመርፌ ቀዳዳ ወይም አጭር ጭረት ብቻ ከሆነ መለጠፍ ይቻላል።

በጠርዙ ላይ የወጣች ትንሽ ስንጥቅ ደግሞ ማጣበቂያ አያስፈልጋትም። ላቴክስ ሲለጠጥ ጫናው ሁሉ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ ዛሬ 3 ሚሊሜትር የሆነው ነገ ልብሱ ሲለበስ እስከ መገጣጠሚያው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ማሸጊያውን በጠርሙስ ላይ ለጠጥ አድርገው፣ በስለታም መቀስ፣ መቀሱን ሳያነሡ፣ ከስንጥቁ በታች ዙሪያውን ሙሉ በአንድ ለስላሳ መስመር ይቁረጡት። ይህ የሚቻለው ግን ማሸጊያው ቢያጥርና ቢሰፋም አሁንም በቂ ጥብቀት የሚቀረው ከሆነ ነው፤ ላቴክስ ማሸጊያ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ እያንዳንዱ ቁራጭ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ትንሽ ቀዳዳ በላቴክስ ላይ መለጠፍ

ከአሮጌ ማሸጊያ ጤናማ ክፍል ላይ፣ ቀዳዳውን በየአቅጣጫው ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር የሚያልፍ ክብ ቁራጭ ያዘጋጁ። ማዕዘን ያለው ቁራጭ ከማዕዘኑ ስለሚላቀቅ ክብ ወይም ሞላላ መሆን አለበት። ማሸጊያውን በጠርሙስ ላይ ሳይለጠጥ ያሳርፉት፤ ቀዳዳውንና ቁራጩን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂው ገጽ እስኪደበዝዝ ብቻ ያሹ፤ ከዚያም አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉና ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይተዉት። ከዚህ በኋላ ገጹን በጣት መንካት የለብዎትም።

እንደ አኳሲል ያለ ተለጣጭ የዩሬታን ማጣበቂያ በሁለቱም ላይ በስሱ ይቀቡ፣ ቁራጩን ከመሃል ወደ ዳር እየተጫኑ አየሩን አስወጥተው ያሳርፉት፣ በላዩም የሰም ወረቀት አድርገው ቀለል ያለ ነገር ይጫኑበት። ሱፐር ግሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ስለሚሆን ማሸጊያው በተለጠጠ ጊዜ ይሰነጠቅና የላቴክሱን ገጽ አብሮ ይነጫል።

ጀልባ ላይ ሆነው ቀዳዳ ካገኙ፣ ደረቅ ማሸጊያ ላይ በሁለቱም በኩል የሚለጠፍ ጠንካራ ፕላስተር ለጥቂት ሰዓት ሊይዝ ይችላል። እኔ ግን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያውም በአንገት ማሸጊያ ላይ፣ በዚህ ተማምኖ መግባትን አልመክርም። የዕለቱን መጥለቅ መተው ይሻላል።

የእጅጌውን ላቴክስ ሙሉ በሙሉ መቀየር

ከመጀመርዎ በፊት የሚከተሉትን በእጅዎ አቅራቢያ ያሰናዱ፦ የልብሱን እጅጌ የሚያህል አዲስ ማሸጊያ፣ አኳሲል፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር፣ እርሳስ፣ አጭር ጸጉር ያለው ብሩሽ፣ ጓንት፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ረዥም ቅዳጅና የእጅጌውን ጫፍ ያለ ሽብሽብ የሚሞላ ለስላሳ ጠርሙስ። የሥራው ቦታ አየር በሚገባ የሚዘዋወርበት ይሁን። የእነዚህ ማጣበቂያዎች ትነት ለሳንባ ጎጂ ከመሆኑም በላይ ተቀጣጣይ ስለሆነ ከሰል ከተያያዘበት የቡና ምድጃ፣ ከጋዝ ምድጃና ከሲጋራ መራቅ ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ አሮጌውን ማሸጊያ ከሥሩ መንቀል ወይስ ቆርጦ በቅሪቱ ላይ መለጠፍ የሚለው ነው። መንቀል የሚቻለው መገጣጠሚያውን በጸጉር ማድረቂያ እያሞቁ፣ ጠርዙን ቀስ በቀስ በመላጥ ነው፤ ሙቀቱ ሲበዛ ግን የልብሱ የውስጥ ሽፋንና የስፌት ማሸጊያ ጥብጣብ አብሮ ይነሣል። ለጀማሪ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። አሮጌው ማሸጊያ በልብሱ ላይ የተጣበቀበት ክፍል ጤናማና የትም ያልተላቀቀ ከሆነ፣ ከመገጣጠሚያው ወዲያ ያለውን ብቻ በመቀስ ቆርጠው፣ 2 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለውን የላቴክስ ቀለበት በቦታው ይተዉታል። አዲሱ ላቴክስ በአሮጌው ላቴክስ ላይ ሲያርፍ በጣም ጠንካራ መገጣጠሚያ ይሆናል። ቅሪቱ ተጣባቂ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን ያለ አማራጭ መነቀል አለበት፤ ሲቆርጡም መቀሱ የልብሱን ጨርቅ እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ ጠርሙሱን በስስ ፕላስቲክ ይጠቅልሉት፤ አለበለዚያ የፈሰሰው ማጣበቂያ ጠርሙሱንና እጅጌውን አንድ አድርጎ ያስቀራቸዋል። በእጅጌው ውስጥ አስገብተው የመገጣጠሚያው ቦታ ዙሪያውን ለጥ ብሎ፣ ያለ አንዳች ሽብሽብ እስኪያርፍ ድረስ ያስተካክሉት። አንዲት ሽብሽብ ከማጣበቂያው ሥር ከቀረች የውሃ ቦይ ትሆናለች፤ ይህን ደረጃ ለማስተካከል ሩብ ሰዓት ቢወስድብዎ ጊዜው አልባከነም። ጠርሙሱ በልኩ ካልሆነ ፕላስቲኩን ደጋግመው በመጠቅለል ማወፈር ይቻላል።

አዲሱን ማሸጊያ ሳይቀቡ በደረቁ ይሞክሩት። ሰፊው ጫፉ በእጅጌው ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ተደርቦ፣ ትንሽ ብቻ ተለጥጦ፣ ዙሪያውን እኩል መቀመጥ አለበት። በእጅጌውና በማሸጊያው ላይ የሚዘልቁ ሦስት አራት የእርሳስ ምልክቶች ያድርጉ፤ በኋላ ማጣበቂያ ከተቀባ ወዲህ ማሸጊያው ተጣምሞ እንዳይገባ የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው። ማሸጊያው በሚያልቅበት መስመር ላይ፣ በልብሱ ጨርቅ ዙሪያ፣ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ። የፈሰሰው ማጣበቂያ ከፕላስተሩ ጋር ይነሣና መገጣጠሚያው ጥርት ያለ ጠርዝ ይኖረዋል።

አሁን የማሸጊያውን ሰፊ ጫፍ ወደ ኋላ ይጠቅልሉ፤ የሚጣበቀው የውስጥ ገጹ ወደ ውጭ ይታያል። ሁለቱንም ገጾች በብርጭቆ ወረቀት አደብዝዘው፣ ብናኙን በአልኮል ይጥረጉ፤ ጨርቁን እየቀየሩ፣ ጥቁር ነገር መልቀቁ እስኪያቆም ድረስ ይድገሙት። አዲስ ላቴክስ ከፋብሪካው የታልክ ዱቄት ለብሶ ስለሚመጣ ገና ያልተነካ ማሸጊያ ንጹሕ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከታዘብኳቸው የተላቀቁ መገጣጠሚያዎች ብዙዎቹ ሲገለጡ ነጭ ዱቄት የታየባቸው ናቸው።

አኳሲልን በብሩሽ በሁለቱም ገጽ ላይ በስስና በእኩል ይቀቡ። መብዛቱ ጥንካሬ አይጨምርም፤ ማሸጊያው በላዩ እንዲንሸራተትና ውስጡ ሳይደርቅ እንዲቆይ ያደርጋል እንጂ። ከዚያም የተጠቀለለውን ጫፍ በእርሳስ ምልክቶቹ እየተመሩ ቀስ አድርገው ይመልሱት። ላቴክሱ ከተመለሰ በኋላ በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር እየዳመጡ የታፈነውን አየር ያስወጡ። በዳሩ ዙሪያ ሙሉ የማጣበቂያ መስመር ሲወጣ መታየት አለበት፤ ያልወጣበት ቦታ ካለ በዚያ በኩል ማጣበቂያው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሳይደርቅ ጠርዙን አንሥተው ይጨምሩበት።

በመጨረሻም በመገጣጠሚያው ላይ የሰም ወረቀት አድርገው የብስክሌቱን ጎማ ቅዳጅ ዙሪያውን ይጠምጥሙ። ጥምጥሙ እኩል ይሁን እንጂ በኃይል አይሁን፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ማጣበቂያውን ሁሉ ጨምቆ ያወጣዋል። አኳሲል ያለ ማፋጠኛ በክፍል ሙቀት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይደርቃል፤ ኮቶል 240 የሚባለው ማፋጠኛ ሲቀላቀልበት ይህ ጊዜ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ማፋጠኛውን ቢተወው ይሻለዋል፤ ምክንያቱም አየር ለማስወጣትና የተጣመመውን ለማቅናት የሚኖረው ጊዜ አብሮ ያጥራል። ማጣበቂያው የሚደርቀው ከአየር ውስጥ እርጥበት በመውሰድ እንደሆነም ማወቅ ይገባል። አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን፣ ማለትም በበጋ ወራት በደጋው አገር ወይም በክረምት ማሞቂያ ሌትና ቀን በሚሠራበት አፓርታማ፣ ሥራው ይዘገያል። በክፍሉ ውስጥ እርጥብ ፎጣ ማንጠልጠል ይረዳል። በማንኛውም ሁኔታ 24 ሰዓት ሳይሞላ መገጣጠሚያውን አይለጥጡት።

የአንገቱ ልዩነት

የአንገት ማሸጊያ አቀያየር በመሠረቱ ከእጅጌው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የቅርጹ መጠንና የመቁረጡ ጉዳይ ነው። የአንገቱ መገጣጠሚያ ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ ጠርሙስ አይበቃውም፤ ተመጣጣኝ ኳስ፣ ክብ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም ከእንጨት የተቆረጠ ጠርዙ የለሰለሰ ክብ ያስፈልጋል። የልብሱ የአንገት ፊትና ኋላ ከፍታው ስለሚለያይ በደረቁ ሲሞክሩ የፊቱን መሃልና የኋላውን መሃል በእርሳስ ምልክት ማድረግ አይርሱ።

አዲስ የአንገት ላቴክስ ለአብዛኛው ሰው ጠባብ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ እንዲቆረጥ ታስቦ ዙሪያውን የመመሪያ ቀለበቶች ተሠርተውበታል። የሚቆረጠው አንድ ቀለበት ብቻ ሆኖ፣ ለብሰው ለጥቂት ደቂቃ ቆይተው፣ ከዚያ ካስፈለገ ሌላ አንድ ይቆረጣል። የተቆረጠ አይመለስምና ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ጠባቡን ችሎ መጥለቅም አደገኛ ነው፤ በአንገት ጎን ባለው ደም ቅዳ ላይ የሚያርፍ ጫና የልብ ምትን ሊያዘገይ፣ ራስ ሊያዞር፣ አልፎም ራስን ሊያስት ይችላል። ፊትዎ ከቀላ፣ ጭንቅላትዎ ውስጥ ግፊት ከተሰማዎ ወይም ዓይንዎ ከጨለመ ወዲያውኑ ያውልቁት።

ላቴክስ በመለጠጥ እንደማይሰፋና የግድ መቆረጥ እንዳለበት ሁሉ፣ ኒዮፕሪን በተቃራኒው በመለጠጥ ይሰፋል። የጠበበ የኒዮፕሪን ማሸጊያ ከመቆረጡ በፊት በተመጣጣኝ ክብ ዕቃ ላይ አሳድሮ መሞከር ይገባል።

ኒዮፕሪንና ሲሊኮን

በኒዮፕሪን ማሸጊያ ላይ የሚደርሰው የተለመደ ጉዳት በጥፍር የሚከፈት ጭረት ነው። ጭረቱን ከፍተው ሁለቱን ከንፈሮቹን በአልኮል ይጥረጉ፤ ለመጥለቂያ ልብስ የተዘጋጀ የኒዮፕሪን ማስቲሽ በሁለቱም ላይ ቀብተው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ሁለተኛ ሽፋን ቀብተው በጣት ሲነኩት የሚይዝ ነገር ግን የማይከተል ሲሆን ከንፈር ለከንፈር ገጥመው በኃይል ይጫኑት። ማስቲሽ እንደተገናኘ ወዲያው ስለሚይዝ ለማስተካከል ዕድል አይሰጥም። የጫማ ማስቲሽ ቀለሙና ሽታው ተመሳሳይ ቢሆንም በየጊዜው እንዲለጠጥ ታስቦ የተሠራ አይደለምና ለጫማው ይተዉት።

ሲሊኮን ከሲሊኮን በቀር ከምንም ነገር ጋር በሚገባ አይጣበቅም፤ አንዴ ከተነካ ደግሞ ቅዳጁ በቅጽበት ይሄዳል። ስለዚህ አይጠገንም፤ ይቀየራል። እንደ ስዊድኑ ሳይቴክ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው የቀለበት መገጣጠሚያዎች ለዚሁ የታሰቡ ናቸው፤ የውስጡን ቀለበት አውጥተው፣ አሮጌውን ሲሊኮን አስወግደው፣ ከቦዩ ውስጥ አሸዋና ጸጉር ጠርገው፣ አዲሱን ዙሪያውን እኩል አስቀምጠው ቀለበቱን መልሰው ይገጥማሉ። ማጣበቂያ አይነካውም፤ ሥራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። በየዓመቱ ላቴክስ መለጠፍ ለሰለቸው ሰው፣ ቀጣዩን ጥገና የቀለበት ሥርዓት ማስገጠሚያ ማድረግ ወጪው የሚክስ ይመስለኛል።

ፍተሻና እንክብካቤ

የደረቀውን ሥራ ወደ ባሕር ከመውሰድዎ በፊት የአየርና የሳሙናውን ምርመራ እንደገና ያድርጉ። በመገጣጠሚያው ዳር ጥቂት አረፋ ከታየ ቦታውን አድርቀውና በአልኮል ጠርገው ስስ የአኳሲል መስመር በብሩሽ ይጨምሩበት። ከዚያ ቀጥሎ የመጀመሪያው መጥለቅ በቀላሉ ወደ ዳር መውጣት በሚቻልበት፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ውሃ ይሁን፤ እጅዎን ከፍና ዝቅ እያደረጉ፣ ጡጫ እየጨበጡ፣ ጭንቅላትዎን ወደ ጎን እያዞሩ ይሞክሩት።

ከእያንዳንዱ መጥለቅ በኋላ ማሸጊያዎቹን ከውስጥም ከውጭም በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጥላ ማድረቅና ለረዥም ጊዜ የሚቀመጡ ከሆነ በታልክ ዱቄት በስሱ መቀባት ያስፈልጋል። ልብሱ ሲሰቀል ማሸጊያዎቹ ተጣጥፈው ወይም በሌላ ዕቃ ተጨፍልቀው መቀመጥ የለባቸውም። ፍሪጅ፣ ፓምፕ ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተር ባለበት ክፍል ውስጥም አይስቀሉት። ሲለብሱ ጣትዎን ከማሸጊያው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስገብተው በጣትዎ ሆድ ይክፈቱት፤ ጥፍርና ቀለበት ከማንኛውም የባሕር ዓለት ይልቅ ብዙ ማሸጊያ ቀድደዋል።

የቀየሩበትን ወርና ዓመት በልብሱ ውስጥ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉ። ከአኳሲሉ የተረፈውን በተመለከተ ደግሞ፣ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ጨምቀው፣ አፉን ጠርገውና ክዳኑን አጥብቀው፣ በሁለት የላስቲክ ከረጢት አሽገው በረዶ በሚሠራው ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ ከምግብ ርቆ በሚገኝ ቦታ ያስቀምጡት። እንዲህ ካልተደረገ አንዴ የተከፈተ ቱቦ በአየር እርጥበት ውስጡ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። እንደገና ሲፈልጉት ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ክዳኑን ሳይከፍቱ ይጠብቁ።